ተጨማሪ መረጃ፦ ቸርኬ ከመቀየርዎ በፊት
ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መኪና የጎማው ልክ ጎማው ላይ ተጽፎበታል፤ ለምሳሌ 195/65 አር 15። 195 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። 1 ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ የቸርኬው ዲያሜትር ከላይና ከታች ካለው የጎማ ጎን ጋር ሲደመር ሙሉ ቁመቱ 634.5 ሚሊሜትር ይመጣል። ለማሳመር 16 ኢንች ቸርኬ የሚያስገጥም ሰው 205/55 ጎማ ቢመርጥ ቁመቱ 631.9 ይሆናል፤ የፍጥነት መለኪያው እምብዛም አይዛባም። 205/65 ቢያስገባ ግን 672.9 ይደርስና ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ሊፋተግ ይችላል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ብዛትና ርቀትም መግጠም አለበት።

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚወስደው ኮረኮንች ላይ ቸርኬውን ከመጣመም የሚያድነው ከፍ ያለ የጎማ ጎን ነው። ለዚህ መንገድ የፋብሪካው ልክ ይሻላል። እሱም በብዙ መኪኖች ላይ የሾፌሩን በር ሲከፍቱ በሚታየው ወረቀት ላይ ተጽፏል።