ቦሌ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ከልጆች ጋር ማድ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሳይንስ

ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲና ሰሚት አካባቢ ለምንኖር ወላጆች የቅዳሜና የእሁድ ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጆቹን የት እናውላቸው? ወይ መጫወቻ ቦታ፣ ወይ ካፌ፣ ወይ ዘመድ ጥየቃ እንሄዳለን። ካልሆነም ቴሌቪዥኑና ሞባይሉ ልጆቹን ይረከቡንና እኛ አረፍ እንላለን። ለትምህርታቸው ግን የማንከፍለው የለም። የትምህርት ቤቱ፣ የሰርቪሱ፣ የአስጠኚው እየተባለ ደመወዛችን ወር ሳይደርስ ያልቃል።

ያም ሆኖ ብዙዎቹ ልጆቻችን ሳይንስን የሚያውቁት በእንግሊዝኛ ተጽፎ በቃል የሚጠና ነገር አድርገው ነው። “ፈርመንቴሽን” ምን ማለት እንደሆነ አንድ ቃል ሳያዛንፍ የሚወጣ ልጅ፣ ማድ ቤት ጥግ የተቀመጠው ሊጥ ለምን ኩፍ እንደሚል ሲጠየቅ ዝም ይላል። ሁለቱ ነገሮች አንድ መሆናቸውን የነገረው የለማ!

እኔ ገርጂ ነው የምኖረው። አምስተኛ ክፍል የምትማር ሴት ልጅና ስድስት ዓመቱን የያዘ ወንድ ልጅ አሉኝ። ከእነሱ ጋር ማድ ቤታችን ውስጥ ከሞከርናቸው ነገሮች ጥቂቶቹን ለአንባቢያን ላካፍል። ከሱፐርማርኬትና ከጉሊት የማይገኝ ዕቃ አያስፈልጋቸውም።

ከመጽሐፉ 8 ዲግሪ የጎደለው ውሃ

በመጀመሪያ የምግብ ሙቀት መለኪያ ያስፈልጋል። የማድ ቤት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ የሚገኘው፣ ባለ ቀጭን ብረትና ባለ ባትሪው ማለቴ ነው። የትኩሳት መለኪያውን ግን እንዳትነኩት። እሱ 42 ዲግሪ አካባቢ ያበቃል፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ቢገባ ይሰበራል፤ የድሮው ዓይነት ከሆነ ደግሞ በውስጡ ሜርኩሪ አለ።

መለኪያው የሚታመን መሆኑን አስቀድሞ መፈተን ደግ ነው። በረዶ ቀጥቅጣችሁ በጥቂት ውሃ ውስጥ ጨምሩና ብረቱን አስገቡት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዜሮ ወይም እዚያው አጠገብ ካሳየ ደህና ነው። ከዚያ ድስት ሙሉ ውሃ ጥዳችሁ፣ ከመፍላቱ በፊት ልጆቹን በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ጠይቋቸው። መለኪያውን የሚይዘው ግን አዋቂ ይሁን።

የእኔዋ ልጅ ጥያቄውን እንኳ ሳልጨርስ “መቶ!” አለች። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣና 92 ላይ ሲደርስ ቆመ። ውሃው ይንተከተካል፤ ቁጥሩ ግን አይነቃነቅም። “እሳቱን ጨምረው አባዬ” አለች፤ ጨመርነው። ውሃው ቶሎ ቶሎ ተነነ እንጂ ሙቀቱ ከ92 አላለፈም። ወንድሟ “መለኪያው ተበላሽቷል” ሲል ፈረደ። በበረዶው ላይ ልክ እንደነበረ ስናስታውሰው ግን እሱም ግራ ገባው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ የሚፈላው በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር አሸንፎ መውጣት ሲችል ነው። በባህር ጠረፍ የአየሩ ክምር ሙሉ በመሆኑ ውሃው እስከ 100 ዲግሪ መጋል አለበት። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ነው። እዚህ የሚጫነን የአየር ግፊት የባህር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጫናው ሲቀንስ እንፋሎቱ ቶሎ ያሸንፋል።

ልጆች ራሳቸው ሊያሰሉት የሚችሉት ቀላል መንገድም አለ። በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ነጥብ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። 2,300ን ለ300 ብናካፍል ከ7 ተኩል በላይ ይሆናል፤ ከ100 ሲቀነስ 92 አካባቢ ይመጣል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬዳዋስ? 96 አካባቢ ነው። ከባህር ወለል በታች ባለው ዳሎል ደግሞ ከ100 ትንሽ ያልፋል። ልጄ ይህን ስትሰማ የኢትዮጵያን ካርታ አውጥታ የየከተማውን ማፍያ ስትጽፍ አመሸች።

ባቄላና ሽምብራ አዲስ አበባ ላይ ለመብሰል የሚዘገዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። የቱንም ያህል ቢንተከተክ፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለው ውሃ ከ92 አያልፍም። ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ጫናውን ስለሚጨምር ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ እህሉም ቶሎ ይበስላል።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ተከተለ። “ታዲያ ፈተና ላይ ስንት ብዬ ልጻፍ?” አለችኝ። የነገርኳት ይህንን ነው። መጽሐፉ አልዋሸም፤ “በባህር ወለል ላይ” የምትለዋን ቃል ግን ብዙ ጊዜ እንዘላታለን። ፈተናው ላይ “በባህር ወለል ላይ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ” ብለሽ ጻፊ። ቦታ ካለሽ “አዲስ አበባ 92 ገደማ” ብለሽ ጨምሪበት። በቃል ከተጠናው መልስ ላይ የጎደለው ይህ ነው፤ ቁጥሩን ሁሉም ልጅ ያውቀዋል፣ የት እንደሚሠራ ግን አይጠየቅም።

አምቦ ውሃና የሚጨፍረው ዘቢብ

ከጫና ሳንወጣ ለትንሹ ልጅ የሚሆን አንድ አለ። አዲስ የተከፈተ አምቦ ውሃ በረጅም ብርጭቆ ቅዱና አምስት ስድስት ዘቢብ ጣል አድርጉበት። ዘቢቡ ይሰምጣል፤ ወዲያው አረፋ ይለብስና ወደ ላይ ይወጣል፤ አረፋው ላይ ሲፈነዳ ተመልሶ ይሰምጣል። አረፋው እንደ ጀልባ ተሸክሞት ነው። ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጠርሙሱ ሳይከፈት በጫና ታፍኖ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የቆየው ጋዝ፣ ክዳኑ ሲነሳ ማምለጥ ይጀምራል።

ወደ አዳማ ወይም ወደ አዋሽ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ባዶ ሃይላንድ (ምርቱ የማንም ቢሆን ስሙ ሃይላንድ ነው) አዲስ አበባ ላይ አጥብቃችሁ ክደኑና መኪና ውስጥ አስቀምጡት። ቁልቁል በወረዳችሁ መጠን ጎኑ እየተጨፈለቀ ይሄዳል። ውስጡ ያለው የአዲስ አበባ አየር ነው፤ ውጭ ያለው የቆላው አየር ግን የበለጠ ይጫናል።

ሊጡ ለምን ኩፍ ይላል?

ይህኛው ሦስት ትናንሽ ሃይላንድ፣ ሦስት ፊኛ፣ ስኳርና ከሱቅ የሚገዛ ደረቅ እርሾ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ በቂ ነው። ልዩነቱ ውሃው ላይ ብቻ ይሁን። የመጀመሪያውን በፍሪጅ ውሃ፣ ሁለተኛውን ለብ ባለ ውሃ በጥብጡት። ሦስተኛውን አዋቂ ሰው ኩባያ ውስጥ በፈላ ውሃ ይበጥብጠውና ለብ እስኪል ከጠበቃችሁ በኋላ ሃይላንዱ ውስጥ አፍሱት። የሦስቱንም አፍ ፊኛ አልብሱት፤ የቀዝቃዛውን ፍሪጅ ውስጥ መልሱት። የብርጭቆ ጠርሙስ አፍኖ መክደን ግን ስለሚፈነዳ አይሞከርም።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ለብ ያለው ፊኛ መነፋት ይጀምራል። በፍሪጅ ያለው ዝም ይላል፤ በፈላ ውሃ የተበጠበጠውም ዝም ይላል። ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ዝምታዎች አንድ ናቸው? ቀዝቃዛውን አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ሲሞቅ እሱም ቀስ እያለ ይነፋል። የተቀቀለው ግን ምንም ብትጠብቁት አይነሳም። አንዱ ተኝቶ ነበር፤ አንዱ ሞቷል። እርሾ ሕይወት ያለው ፍጥረት መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ መጽሐፍ አላየሁም።

ከዚያ ወደ ጤፉ ሊጥ መሄድ ነው። የእንጀራ እርሾ ብቻውን የሚሠራ ፍጥረት አይደለም። በውስጡ ስኳሩን በልተው ጋዝ የሚያወጡ እርሾዎች፣ ሊጡን የሚያኮመጥጡ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችም አሉ። አብሲት የሚጣለው አለምክንያት አይደለም። ከሊጡ ጥቂቱ ሲቀቀል ስታርቹ ያብጥና ይወፍራል፤ ተመልሶ ሲቀላቀል ሊጡ ጋዙን እንዲይዝ ያግዛል። ሊጡ ምጣድ ላይ ሲያርፍ ጋዙና እንፋሎቱ ወደ ላይ እየሸሹ ቀዳዳ ይተዋሉ። ዓይን የምንለው ይህንን ነው።

ልጄ አያቷን “ሊጡ መድረሱን በምን ታውቂያለሽ?” ብላ ጠየቀቻት። “ውሃው ከላይ ጠለል ሲልና ሽታው ሲለወጥ ነዋ! ክረምት ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን እጨምርለታለሁ” አለቻት። ሴት አያቷ ኬሚስትሪ አልተማረችም። በሦስቱ ሃይላንድ ያየነውን፣ ማለትም ብርድ እርሾን እንደሚያዘገይ፣ ግን ከሁላችንም ቀድማ ታውቅ ነበር። ብዙዎቻችን ቤት ሊጡን የሚያቦካው አያት ወይም የቤት ሠራተኛ ናት። እሷን ለልጁ መምህር አድርጎ ማስቀመጥ የሙከራው ግማሽ ጥቅም ይመስለኛል።

ሎሚ፣ እንቁላልና ጥቅል ጎመን

እነዚህን ባጭሩ ልለፋቸው። ጥሬ እንቁላል አቼቶ ውስጥ አንድ ቀን አሳድሩት። ቅርፊቱ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ነገር፣ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ፣ አሲዱ አረፋ እያስወጣ ያሟሟዋል። በማግሥቱ ስስ ሽፋን ብቻ የለበሰ ለስላሳ እንቁላል ታገኛላችሁ። ከነኩት በኋላ እጅ መታጠብ ነው።

ለብ ባለ ወተት ላይ ሎሚ ጠብ ስታደርጉ ደግሞ ፕሮቲኑ ይረጋና ከውሃው ይለያል። አይብ የሚሆነው አሬራም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ እዚያ ግን ወተቱን ያኮመጠጡት ባክቴሪያዎች ናቸው።

ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ አሥር ደቂቃ ብትቀቅሉት ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ውሃ ይሰጣችኋል። በትናንሽ ብርጭቆ አካፍላችሁ አንዱ ላይ ሎሚ፣ አንዱ ላይ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንዱ ላይ የኦሞ ውሃ ጨምሩ። ሎሚው ቀይ ያደርገዋል፤ ሶዳው ወደ ሰማያዊ፣ ኦሞው ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። የቤቱን ዕቃ ሁሉ አሲድ ነው አይደለም እያሉ መፈተን ልጆቹን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይይዛቸዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በረኪና ከዚህ ጨዋታ ይውጣ። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲደባለቅ ሳንባ የሚጎዳ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ልጆቻችሁ ይህን ሙከራ ሳይጀምሩ ቃሉን ይወቁት፤ የቤት ሠራተኛችሁም ትወቀው።

ከልብስ አጣቢዎች የተገኘ ሳይንስ

“ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው፤ ቁም ነገሩ የቱ ላይ ነው?” የሚል ወላጅ ይኖራል። ለእሱ የማነሣለት ሰው ዶ/ር አክሊሉ ለማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። የበሽታው ጥገኛ ተውሳክ ወደ ሰው ከመሻገሩ በፊት የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። እንዶድ ለዘመናት ልብስ ሲያነጣ ኖሯል፤ ወንዙ ዳርም ብዙ ሰው ተመላልሷል። “እዚህ ብቻ ለምን ሞቱ?” ብለው በምርምር የተከታተሉት ግን እሳቸው ነበሩ። በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ስለዚህ ለወላጆች የምመክረው ትንሽ ነው። ከሙከራው በፊት ልጁ ይገምት፤ ግምቱንም በጽሑፍ ያስፍር። አንድ ጊዜ የሚለወጠው ነገር አንድ ብቻ ይሁን፤ ውሃውንም ስኳሩንም አብረን ብንለውጥ ማን እንደሠራው አይታወቅም። የታየው ነገር ግምቱን ሲያፈርስ አትቸኩሉ፤ ምክንያቱን መጀመሪያ ልጁ ይፈልግ። ያየውንም መጀመሪያ በአማርኛ፣ ወይም ቤት ውስጥ በሚናገረው ቋንቋ ያስረዳ። “ፈርመንቴሽን” የሚለው ቃል ቆይቶ ቢመጣ የሚገባበት ቤት ያገኛል።

በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ትልቅ የሳይንስ ሙዚየም ተከፍቶላታል፤ ልጆችን ወስዶ ማሳየት መልካም ነው። ማድ ቤቱ ግን በየቀኑ ክፍት ነው፤ መግቢያም አይከፈልበትም። የሚጠይቀን በሳምንት አንድ ሰዓትና “እስቲ አብረን እንየው” የምትል አንዲት ቃል ነው።

መልካም ሙከራ! ቸር ሰንብቱ።