የጣና ነጭ ዓሣና የክረምት ጉዞው

ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለው ጣና በስፋቱ የኢትዮጵያን ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ሲሆን፣ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያላነሰ ቦታ ቢሸፍንም አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ እጅግ ጥልቅ የሆነው ክፍሉም 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ስለሚወረወር፣ ከፏፏቴው በታች የሚኖሩት ዓሦች ሽቅብ ወጥተው ጣና ሊደርሱ አይችሉም። በታችኛው ዓባይ የሚታወቀው ግዙፉ አዳኝ ዓሣ ናይል ፐርች በጣና የሌለው ስለዚህ ነው፤ የጣና ዓሦችም በዚህ ግርዶሽ ተከልለው፣ ሌላ ቦታ በማይታይ መልኩ ለብቻቸው ሲራቡና ሲለያዩ ኖረዋል።

ለገበያ የሚቀርበው የጣና ዓሣ በሦስት ወገን ይከፈላል፤ እነርሱም ቴላፒያ በመባልም የሚታወቀው ቆሮሶ፣ አምባዛ እና ነጭ ዓሣ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በብዙ የአፍሪካ ውሆች የሚገኙ ሲሆኑ፣ የሳይንስ ሰዎች ላቤኦባርበስ ብለው የሚጠሩት ነጭ ዓሣ ግን የሐይቁ ልዩ ሀብት ነው። ነጭ ዓሣ ለረጅም ጊዜ መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዝርያ ተደርጎ ሲቆጠር ከቆየ በኋላ፣ ኔዘርላንዳውያኑ ተመራማሪዎች ናገልከርከ እና ሲቢንግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባካሄዱት ጥናት የአፉን አቀማመጥ፣ የራሱን ቅርጽ፣ ምግቡንና የሚውልበትን ቦታ መርምረው በውስጡ 15 የተለያዩ ዝርያዎች እንዳሉ አሳይተዋል። ከአንድ የጋራ ዘር ተነሥተው በአንድ ውሃ ውስጥ የተለያዩት እንዲህ ያሉ ተቀራራቢ ዝርያዎች በአንድነት የዝርያ መንጋ ይባላሉ። ነጭ ዓሣ ከሚመደብበት የዓሣ ቤተሰብ የሆነውና በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ይኖር የነበረው ሌላው መንጋ በሰው እጅ ስለጠፋ፣ በዓለም ላይ ሳይፈርስ የቀረ የቤተሰቡ ትልቅ መንጋ ተብሎ የሚጠቀሰው የጣናው ነው።

ከ15ቱ ዝርያዎች አንዱ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን እንስሳት፣ ሌላው የውሃ ውስጥ ተክል፣ ሌላውም በወለሉ ደለል ውስጥ የሚገኙትን የነፍሳት እጮች ይመገባል፤ ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ መሆናቸው ነው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ያላቸው በጉሮሯቸው ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በሌላ ቦታ ዓሣ በላ ሲሆኑ እምብዛም አይታዩም። በጣና ግን ያንን ስፍራ የሚይዝ ሌላ ብርቱ ተፎካካሪ ባለመኖሩ፣ ጥርስ አልባው ወገን አዳኝ ለመሆን በቅቷል።

ቆሮሶ ዳር ዳር ባለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ይራባል፤ እናቲቱም ዕንቁላሉንና ጫጩቶቹን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች መካከል ቢያንስ ሰባቱ ግን ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይና ሌሎች ገባሮች መግቢያ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ወደ ላይ ወጥተው፣ ንጹሕና ኦክስጅን የበዛበት ውሃ በሚፈስበት ጠጠራማ ስፍራ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ደለል ጠጠሩን ከሸፈነው ዕንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ዕድገታቸው አዝጋሚ፣ ለመራባት የሚደርሱትም ዘግይተው ስለሆነ፣ አንድ ዓመት የጠፋውን ትውልድ መተካት ብዙ ጊዜ ይጠይቃል።

በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል በሚሠራ ታንኳ ዓሣ ሲያጠምድ ለዘመናት ቢኖርም፣ ታንኳው ከዳርቻ ብዙ የማይርቅ በመሆኑ በክምችቱ ላይ ያሳደረው ጫና ውሱን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ የኔዘርላንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በመተባበር የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ካስገባ ወዲህ ግን የማጥመዱ አቅም ፈጽሞ ተለወጠ። በ1987 እ.ኤ.አ. 39 ቶን የነበረው የሞተር ጀልባዎቹ ዓመታዊ ምርት በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 360 ቶን አደገ፤ ለብዙ ቤተሰብም እንጀራ ሆነ። ሆኖም ጀልባዎቹ በክረምት ዕንቁላል የያዘው ዓሣ ወደሚታጨቅበት የወንዝ መግቢያ ስለሚሄዱ፣ መረቡ የሚያነሣው ገና ያልተወለደውን ትውልድ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000ዎቹ መባቻ የተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ፣ ትላልቆቹ ነጭ ዓሦች በአንድ ዐሥርተ ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋ መቀነሳቸው፣ ለጋዎቹ ደግሞ ከዚህም ብሰው ማሽቆልቆላቸው ታይቷል።

በወንዞቹ ውስጥ ያለውም ሁኔታ አያጽናናም። አንዳንዶች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ በመበተን ዓሣውን ያደነዝዛሉ፤ አሸዋና ጠጠር ከወንዝ ወለል ይዛቃል፤ በበጋም የፎገራ ሜዳን ሩዝና አትክልት ለማጠጣት የሚሳበው ውሃ ለጋ ዓሦች የሚያድጉበትን ኩሬ ያደርቃል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው የእምቦጭ አረም ብዙ ሲባልለት፣ የወንዞቹ ጉዳት ግን ከዓይን ርቆ ቀርቷል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 (ዓ.ም.) የመረብን ዓይነት፣ የማጥመጃ ቦታንና ወቅትን ለመወሰን ሕጋዊ መሠረት ስለጣለ፣ የጎደለው ሕግ ሳይሆን አፈጻጸም ነው። ሐይቁን በሙሉ መጠበቅ ከባድ ቢሆንም፣ ጥቂት የወንዝ መግቢያዎችን ለሦስት ወር መጠበቅ ግን የሚቻል ሥራ ነው፤ አጥማጁ በእነዚያ ወራት ወደ ቆሮሶና ወደ አምባዛ ቢያዘነብል ገቢው ሙሉ በሙሉ አይቋረጥም። የክልሉ ባለሥልጣናት፣ የአጥማጆች ማኅበራትና የወንዝ ዳር ገበሬዎች በአንድነት ሊነሡበት የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው፤ የዓሣ ሸማቹም ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ዕንቁላል የያዘ ነጭ ዓሣ ባለመግዛት ድርሻውን ሊወጣ ይችላል።