ቶኒ ፎርድና 931ዱ ጨዋታዎች

በእንግሊዝ ሊግ ብዙ ጨዋታ ያደረገው ማነው ሲባል የግብ ጠባቂው ፒተር ሺልተን ስም ይነሳል፤ 1,005 ጊዜ ተሰልፏል። ቀጥሎት የሚመጣውን አማካይ ቶኒ ፎርድን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በከፍተኛው ዲቪዚዮን አንድም ቀን አልተጫወተም።

ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1975 በትውልድ ከተማው ክለብ ግሪምስቢ ታውን ሲጀምር ገና 16 ዓመቱ ነበር። ስቶክ ሲቲን፣ ዌስት ብሮሚች አልቢዮንንና ማንስፊልድን አዳርሶ በ2001 በሮችዴል ሲያቆም 42 ዓመት ሞልቶት፣ 931 የሊግ ጨዋታ አድርጎ ነበር። እርግጥ 24 ክለቦች የሚወዳደሩበት ዲቪዚዮን በዓመት 46 ጨዋታ ስላለው ለቁጥሩ ያግዛል። በዚያ ሒሳብ እንኳ ከ20 ሙሉ የውድድር ዘመን ያልፋል፤ ያውም በረኛ ሆኖ ሳይሆን ሜዳ ላይ እየሮጠ። ለእንግሊዝ ‹ቢ› ቡድን ተሰልፏል፤ ዋናው ቡድን ግን አልጠራውም።