በእጅ የያዙት ሐይቅ

በኦክላንድና በሳን ሆዜ የሚኖር ኢትዮጵያዊ «ዕረፍት ወጣሁ» ሲል ነገሩ ብዙ ጊዜ ዕረፍት አይደለም። ሁለት ሥራ እየሠራ ያጠራቀመውን የፈቃድ ቀን ይዞ አገር ቤት ይገባል፤ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሠርግ ይደግሳል፣ የዘመድ ጉዳይ ያስፈጽማል። በመጨረሻም ሲሄድ ከነበረው ይበልጥ ደክሞ ይመለሳል። ከዚያ ሁሉ ጥድፊያ ለራሱ የሚተርፈው ሁለት ሦስት ቀን ካለ ግን ብዙው ሰው የሚያሳልፈው ውሃ ዳር ነው፤ ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባሕር ዳር።

ባሕር ዳርን የሚያውቅ አይረሳትም። በዘንባባ የተሰለፉት ጎዳናዎቿ፣ የሞቀው አየሯ፣ የደንገል ታንኳው፣ ማታ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የሚበላው ዓሣ አእምሮ ውስጥ ይቀራል። ጣና 37 ደሴቶች አሉት፤ በደሴቶቹና በዳርቻው ያሉት ገዳማት የጥንት ብራናና ሥዕል ጠባቂዎች ናቸው። ጢስ ዓባይም ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ዩኔስኮ «የሰላም ከተሞች» ብሎ ከሸለማቸው አንዷ ባሕር ዳር ነበረች።

ይህ ሽልማት ዛሬ ሲታወስ ልብ ያደማል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ጦርነቱ ከተማዋን ራሷን ደረሰባት፤ ከዚያ ወዲህ ለልጆቹ ጣናን ሊያሳይ ያቀደ ስንቱ ወላጅ አሳቡን ሰርዟል። ሐይቁም ቢሆን ከ2011 ጀምሮ በታየው የእምቦጭ አረም ታሟል።

መንገዱ እስኪከፈት ምን ይደረግ? «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ በኦክላንድ መሐል ከተማ ብዙው ወገን በየቀኑ ታክሲ እየነዳ የሚያልፈው፣ አንድም ቀን ግን ወርዶ ያላየው ሐይቅ አለ። ሜሪት ሐይቅ ይባላል። ሐይቅ ይባል እንጂ ጨዋማ ነው፤ የባሕር ውሃ ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ዙሪያው 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ዝግ ብሎ ለሚራመድም ሁለት ሰዓት አይፈጅም። እ.ኤ.አ. በ1870 አደን በሕግ ተከልክሎበት፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የዱር አራዊት መጠለያ ሆኗል። ፔሊካንና ሳቢሳ እንደ ጣና ሁሉ እዚህም ከውሃው ላይ ይታያሉ።

በሰሜን ዳርቻው ያለው የአትክልት ሥፍራ መግቢያው ነፃ ነው። የባሕር ዳርን ጎዳና የሚያስታውስ የዘንባባ ሥፍራ አለው፤ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ለብዙ ዘመን የኖሩ የጃፓን ድንክዬ ዛፎችም አሉት። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተው የተረት መናፈሻ እዚያው አጠገብ ነው። ታሪክና ሥዕል ለሚወድ ደግሞ ጣሪያው ላይ አትክልት የተተከለበት የኦክላንድ ሙዚየም ከሐይቁ ጥቂት እርምጃ ቢርቅ ነው።

የሳን ሆዜ ሰው «ሩቅ ነው» አይበል። እ.ኤ.አ. በ2020 የቤሪየሳ ጣቢያ ከተከፈተ ወዲህ ባርት ሳይቀይሩ፣ ከአንድ ሰዓት በታች፣ ሐይቁ አጠገብ ያደርሳል። ፍርፍሩን በምሳ ዕቃ፣ ቡናውን በፔርሙዝ ይዞ መውጣት ነው። በመኪና የሚመጣ ግን ቦርሳም ሆነ ሌላ ዕቃ መኪናው ውስጥ ትቶ አይሂድ፤ መስታወት የሚሰብር አይጠፋም።

ይህ ሁሉ በተፈጥሮ ብቻ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የኦክላንድ ነዋሪ ሐይቁንና የውሃ መንገዶቹን ለማደስ ከ198 ሚሊዮን ዶላር በላይ ብድር ራሱ ሊከፍል በድምፁ ወስኗል። በ2018 ጥቁር አሜሪካውያን ሐይቁ ዳር ሥጋ ሲጠብሱ አንዲት ሴት ከሰል ክልክል ነው ብላ ፖሊስ ጠራችባቸው። ሕዝቡ የመለሰው በስድብ አልነበረም፤ በማግሥቱ ወር እዚያው ቦታ ብዙ ሰው ምድጃውን ይዞ ወጥቶ አብሮ በላ። በነሐሴ 2022 ውሃው በአልጌ ተበክሎ ዓሣው በገፍ ሲያልቅም የሞተውን እየለቀሙ ካወጡት መካከል ፈቃደኛ ነዋሪዎች ነበሩ። ሐይቅ ባለቤት ካለው ይድናል።

ማታ ዳርቻውን እንደ ሐብል የሚከበው መብራት ታሪክም ይኸው ነው። መጀመሪያ የበራው በ1925 ነበር፤ በ1941 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ጠፋ። ጦርነቱ ካበቃም በኋላ ለብዙ ዓመታት ጨለማ ሆኖ ቀረ። የከተማው ሰዎች ገንዘብ አሰባስበው ከ46 ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ መልሰው አበሩት። የጣናም ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን የሚጠብቅ ግን ውሃ ዳር መቀመጥን ረስቶ መቆየት የለበትም።

የልጅ ልጅ ሊጠብቁ ከአገር ቤት የመጡ፣ ሳን ሆዜ ፎቅ ላይ ነጠላቸውን ደርበው የመኪና ማቆሚያ በመስኮት ሲያዩ የሚውሉ ስንት እናቶች አሉ። ለእርሳቸው የሚያስፈልገው የአውሮፕላን ትኬት አይደለም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ «እማማ፣ ይነሡ፣ ውሃ ዳር ልውሰድዎ» የሚል ልጅ ነው።