ያልገባው ተማሪ ማንን ይጠይቅ?

ስለ ኦንላይን ትምህርት ሲወራ ነገሩ ቶሎ ወደ ኔትወርክና ወደ ዳታ ዋጋ ይሄዳል። ችግሮቹ እውነተኛ ናቸው፤ ነገር ግን ኔትወርኩ ሳይቆራረጥም ትምህርቱ ሊቆራረጥ ይችላል። አዲስ ነገር ይዘን የምናሰላስልበት ጊዜያዊ ትውስታችን ጠባብ ነው፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኔልሰን ኮዋን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት በአንድ ጊዜ የሚይዘው አራት ያህል ነገር መሆኑን ገልጿል። በቅጡ ባልለመደው ቋንቋ የሚማር ሰው ከዚህችው ቦታ ከፊሏን ቃላቱን ለመፍታት ያውላታል፤ ለፊዚክሱ ወይም ለአካውንቲንጉ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሰነፍ ይመስላል እንጂ በአንድ ሰዓት ሁለት ትምህርት እየተማረ ነው።

በሀገራችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ጉድለቱን የሚሞላ፣ በሥርዓተ ትምህርቱ ያልተጻፈ ዘዴ አለ። መምህሩ የተማሪዎቹን ፊት አይቶ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ ጎራ ይላል፤ ያልገባው ተማሪም አጠገቡ ያለውን በሹክሹክታ ይጠይቃል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ የትምህርቱ ጽሑፍ በቴሌግራም ሊላክ ይችል ነበር፤ ሹክሹክታው ግን አይላክም።

ተማሪ ከተማሪ ጋር መጠያየቁን የርቀት ትምህርት ጥናትም ያውቀዋል፤ ተመራማሪው ማይክል ሙር እ.ኤ.አ. በ1989 የርቀት ተማሪን መስተጋብር ከትምህርቱ ይዘት ጋር፣ ከመምህሩ ጋር እና ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ብሎ በሦስት ከፍሎታል። ከ20 ዓመት በኋላ ሮበርት በርናርድና ባልደረቦቹ 74 ጥናቶችን አጠቃልለው ሲመረምሩ ሦስቱም ውጤት እንደሚያሻሽሉ፣ ከይዘቱና ከተማሪዎች ጋር የሚደረገው ደግሞ ከመምህሩ ጋር ከሚደረገው እንደሚበልጥ አገኙ። ምርመራው ስለ ቋንቋ ችሎታ አልነበረም፤ የሚከተለው የእኔ ድምዳሜ ነው። ቋንቋው ለሚከብደው ተማሪ ከሁሉም የሚቀርበው መጠጊያ ሌላው ተማሪ ነው፤ መምህርን በእንግሊዝኛ ጽፎ መጠየቅ ራሱ ሌላ ፈተና ነውና።

ቪዲዮ እኮ ቆም ተደርጎና ተደጋግሞ ይታያል፣ የጽሑፍ መግለጫም አለው የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ መደጋገም የፈጠነውን ንግግር ያዘገየዋል። ያልገባ ሐሳብን ግን በሌላ አነጋገር አያስረዳም፤ ይባስ ብሎ፣ በስሕተት የተረዳ ሰው መሳሳቱን ስለማያውቅ መልሶ የሚያይበት ምክንያት የለውም። ስሕተቱ የሚወጣው ለሌላ ሰው ሲያስረዳ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ተማሪዎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተወያዩ እንግሊዝኛቸው ይዳከማል የሚለው ነው። ተመራማሪው ጂም ከሚንስ በካናዳ በስደተኛ ልጆች ላይ ባደረገው ጥናት የዕለት ተዕለት ንግግር በሁለት ዓመት ገደማ ሲለመድ፣ የትምህርት ቋንቋ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት እንደሚወስድ አሳይቷል። ያውም እንግሊዝኛ በየመንገዱ በሚነገርበት ሀገር! የአንድ ሴሚስተር የኦንላይን ኮርስ ይህን ጊዜ አያሳጥርም። በአማርኛ የገባን ፅንሰ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ለመግለጽ መታገል ግን የእንግሊዝኛም ልምምድ ነው። ስለዚህ አራት አምስት ሆነው በፈለጉት ቋንቋ ተከራክረው፣ የደረሱበትን በእንግሊዝኛ አንድ አንቀጽ ጽፈው ቢያስገቡ መረዳቱም የእንግሊዝኛ ልምምዱም ይገኛል። ለመምህሩ የሚታረም ጽሑፍ ይበዛበታል፤ ይህ በሥራ ጫናው ካልተቆጠረለት ቡድኖቹ በስም ብቻ ይቀራሉ።