ፈንጂን የሚያደነቁር መሣሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ ከልደታ ብዙም በማይርቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት የሚወሰነው ውሳኔ የሚፈተነው ሶማሊያ ውስጥ፣ አቧራማ መንገድ ላይ ነው። የኅብረቱ የሰላምና የጸጥታ ምክር ቤት አሚሶም የተባለውን ተልእኮ በጥር 1999 ዓ.ም. አቋቋመ፤ ኢትዮጵያም በጥር 2006 ዓ.ም. 4,395 ወታደሮች ይዛ ተቀላቀለች። የተልእኮው ስም በ2014 ዓ.ም. አትሚስ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አውሶም ሆነ። ያልተለወጠው ታጣቂው ቡድን አልሸባብ መንገድ ዳር የሚቀብረው ፈንጂ ነው። ይህን ለመከላከል ኮንቮይ ላይ ከሚጫኑት መሣሪያዎች አንዱ ጃመር ነው።

ከርቀት የሚፈነዳ ፈንጂ ትእዛዝ ጠባቂ ነው። ያጠመደው ሰው ራቅ ብሎ አድፍጦ ተሽከርካሪው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ከዚያ በሞባይል ወይም በሌላ የሬዲዮ መሣሪያ ምልክት ይልካል። ጃመሩ ፈንጂውን አያገኘውም፣ አያመክነውምም። ምልክቱ በሚሄድበት ሞገድ ላይ ጫጫታ ይለቅና ትእዛዙ እንዳይሰማ ያደርጋል። ዘዴው ለሬዲዮ አድማጭ እንግዳ አይደለም፤ በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ሲታፈን ጆሮ የደረሰው ሁካታ ከዚሁ ወገን ነው።

ለኮንቮዩ የሚያደላለት ርቀት ነው። የሬዲዮ ሞገድ በራቀ ቁጥር በፍጥነት ይዳከማል። አጥማጁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮች ርቆ ሲቆም፣ ጃመሩ ከተሽከርካሪው ጋር ፈንጂው አጠገብ ይደርሳል። ወያላ ጆሮዎ ሥር «ልደታ! ልደታ!» እያለ ሲጮህ ከመንገዱ ማዶ የሚጠራዎትን ወዳጅ እንደማይሰሙት ማለት ነው። አደጋው በሚከፋበት ቦታ መከላከያውም ይጠነክራል።

አንዳንዱ ጃመር በብዙ ሞገዶች ላይ ያለማቋረጥ ጫጫታ ይረጫል፤ ሌላው አየሩን እያዳመጠ አጠራጣሪ ምልክት ሲያገኝ እዚያው ላይ ብቻ ይጮኻል። የመጀመሪያው ኃይሉን በብዙ ቦታ ስለሚበትን ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ሁለተኛው ይቆጥባል፣ ነገር ግን በቅጽበት መፍጠን አለበት። ሁለቱም የወገንን ሬዲዮ ሊያውኩ ስለሚችሉ፣ አዛዡ ወታደሮቹ በየትኛው ሞገድ እንደሚነጋገሩ አስቀድሞ ማቀድ ይኖርበታል።

የብሪታንያ ጦር በሬዲዮ የሚፈነዱ ፈንጂዎችን መታገል የጀመረው በሰሜን አየርላንድ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ነው። አይ አር ኤ የተባለው ታጣቂ ቡድን የመጫወቻ አውሮፕላን መቆጣጠሪያን ለፈንጂ ሲያውለው፣ ጦሩ ያንን ሞገድ አፈነ፤ ታጣቂዎቹም ወደ ሌላ ሞገድ ዞሩ። አሜሪካኖች ኢራቅ ላይ ያሰማሩት ዋርሎክ የተባለ ጃመር ደግሞ ሾርትስቶፕ ከተባለ ቀደምት መሣሪያ የተገኘ ነው። ሾርትስቶፕ የተሠራው የመድፍ ጥይትን ለመከላከል ነበር፤ ዒላማውን በሬዲዮ እየለካ የሚፈነዳውን ጥይት ገና አየር ላይ ሳለ ያፈነዳዋል። ከዋርሎክ ቀጥሎ ዱክ የተባለው በተሽከርካሪ ላይ፣ ቶር የተባለው በወታደር ጀርባ ላይ መጡ።

ሬዲዮው ሲዘጋባቸው ታጣቂዎች ወደ ሽቦና ሲረገጥ ወደሚፈነዳ ፈንጂ ተመለሱ። እነዚህን ጃመር አይነካቸውም፤ ትእዛዝ በአየር አይጠብቁምና። ሶማሊያ ውስጥም በሬዲዮ የሚፈነዳውም ያለ ሬዲዮ የሚፈነዳውም ይጠመዳል። ስለዚህ የተቆፈረ አፈር የሚለይ ዓይን፣ ፈንጂ ጠቋሚ መሣሪያ፣ ፍንዳታውን ወደ ጎን እንዲገፋ ሆዱ እንደ ቪ የሾጠጠ ተሽከርካሪ፣ ከአካባቢው ሰው የሚገኝ መረጃም ያስፈልጋሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ጃመር ያደነቆረው ፈንጂ እዚያው እንደተቀበረ ይቀራል። ኮንቮዩ አልፎ ጫጫታው ሲርቅ ፈንጂው መልሶ ይሰማል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ጃመር የሌለው የመንደር አውቶቡስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ወታደሩን ቢያሳልፍም፣ መንገዱን ለሕዝብ የሚከፍተው ከኋላ መጥቶ ፈንጂውን የሚያወጣው አምካኝ ነው። ለተልእኮው በጀት ሲመደብ አምካኙ ከጃመሩ እኩል ሊታሰብ የሚገባው ለዚህ ነው።