የቀጥቃጩ ጎረቤት፦ የጣና ዳርቻ ሙያዎች በኮምፒውተር ጨዋታ ዓለም

የዛሬው ርእስ ከተለመደው የታሪክ ገለጻ ወጣ ያለ መሆኑን አውቃለሁ። ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ እናገራለሁ፤ ነገር ግን የማነሣው ጥያቄ ጨዋታ አይደለም።

በአንድ ምሳሌ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2018 «ኪንግደም ካም፦ ዴሊቨራንስ» የተባለ ጨዋታ ወጣ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1403፣ በቦሄሚያ፣ ማለትም ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምንላት አገር ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሄንሪ በቀጥቃጭ ቤት ያደገ ወጣት ነው። ይሁን እንጂ ተጫዋቹ ሰይፉን በመሳያ ድንጋይ ከመሳል በቀር ብረት አግሎ የሚቀጠቅጥበት መንገድ አልነበረውም። የቀጥቃጭ ልጅ ሆኖ መዶሻ አለመጨበጥ! በ2025 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ግን ይህን ጉድለት ሞላ፤ አሁን ተጫዋቹ ወናፉን ያናፋል፣ ብረቱን ያግላል፣ በመስፍ ላይ አስቀምጦ ይቀጠቅጣል።

ይህ የአንድ ጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2011 የወጣው «ዘ ሲምስ ሜዲቫል» ለተጫዋቹ የሚያቀርበው አሥር ሙያዎችን ነበር፤ እነርሱም ንጉሥ ወይም ንግሥት፣ ፈረሰኛ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ሰላይ፣ ሐኪም፣ ቀጥቃጭ፣ ነጋዴ፣ ዘፋኝ ባለ ቅኔ እና ሁለት ዓይነት ካህናት ናቸው። ገበሬውና የመንደሩ ሰው በመንገዱ ላይ ሲመላለሱ ይታያሉ፤ ተጫዋቹ ግን የእነርሱን ሕይወት መርጦ መኖር አይችልም። የዚህ ዓይነት ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች «አዲስ ሙያ ጨምሩልን» ሲሉ በአመዛኙ የሚፈልጉት ሌላ ጀግና ሳይሆን ተራ የሚባለውን ሰው ሕይወት ነው፤ እንጀራ ጋጋሪዋን፣ ዓሣ አጥማጁን፣ ሸክላ ሠሪዋን።

የእኛስ አገር? በ2015 «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2» በአፍሪካ መንግሥታት ላይ ያተኮረ ተጨማሪ ክፍል ሲያወጣ ኢትዮጵያውያንን አካትቷል፤ ልዩ መለያቸውም ሾተል የታጠቀ ተዋጊ ነው። የጦርነት ጨዋታ ስለሆነ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሾተሉን ማን ሠራው? ብሎ የሚጠይቅ ተጫዋች ቢመጣ መልስ የሚያገኝበት ቦታ የለም። እኔ ዛሬ መመለስ የምሻው ይህንኑ ነው፤ የጣናን ዳርቻ የሚያሳይ የኑሮ ጨዋታ ቢሠራ ለተጫዋቹ የምንሰጠው ምን ዓይነት ሙያዎችን ነው? ስንሰጥስ ከሙያው ጋር ምን አብረን እንሰጣለን?

ስለ ዘመኑ አንድ ነገር ላስታውስ። «መካከለኛው ዘመን» የሚለው ስያሜ ከአውሮፓ ታሪክ የመጣ በመሆኑ በእኛ ታሪክ ላይ በልኩ አይገጥምም። ለዛሬው ዓላማ የመረጥሁት ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ፣ የሐይቁ ገዳማት፣ የሙስሊም ነጋዴዎችና የቤተ እስራኤል ባለ እጆች በአንድ አካባቢ ተገናኝተዋል። ለጨዋታ ሠሪ ከዚህ የተሻለ መንደር አይገኝም።

ከውኃው እንጀምር። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። በዚህ ውኃ ላይ እህሉንም፣ ማገዶውንም፣ የዘጌን ቡናም፣ የገዳሙን ቀለብም ለብዙ ዘመን ያመላለሰው የደንገል ታንኳ ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል፣ ቅርጽ ይይዛል። ታንኳው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሆኖም ውኃ ይጠጣል። ከጉዞ በኋላ ካልተጎተተና ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ቢንከባከቡትም ዕድሜው አጭር ነው። እንግዲህ የታንኳ ሠሪ ሙያ በጨዋታ ውስጥ «አንድ ጊዜ ሠርተህ ለዘላለም ተጠቀም» የሚባል ሊሆን አይችልም፤ ደንገሉ ባለበት ዳርቻ መኖርን፣ ወቅት መጠበቅን፣ ዘወትር ማደስን ይጠይቃል። ገዳማቱም የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ተጫዋቿ ሴት ገጸ ባሕርይ ከመረጠች ጭነቷን ወደቡ ላይ አስረክባ ትመለሳለች። ዘጌ ላይ ደግሞ በትውፊት ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ በበሬ ማረስ ክልክል ነው፤ ስለዚህ በዚያ ልሳነ ምድር ገበሬ መሆን የሚፈልግ ተጫዋች ማረሻውን ትቶ ጫካውንና ቡናውን መልመድ ይኖርበታል። የቦታው ሕግ ራሱ የጨዋታው ሕግ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሙያ የቁም ጸሐፊው ነው። በሐይቁ ገዳማት የተጠበቁት የብራና መጻሕፍት እንዴት እንደተሠሩ ብንከተል አንድ ሰንሰለት እናገኛለን። የፍየል ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል። ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከሌሎች ነገሮች ይዘጋጃል፤ ቀዩ ለርእስና ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ሲያልቅ በእንጨት ገበታ መካከል ይጠረዛል፣ ቆዳ ይለብሳል። አንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ የብዙ ፍየሎችን ቆዳና የብዙ ወራትን ድካም ይበላል።

ወደዚህ ሙያ የሚወስደው ጎዳና የቆሎ ተማሪ ሕይወት ነው፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከደጅ ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ መማር። ልብ በሉ፤ ይህ ተማሪ ይለምናል፣ ግን አይናቅም። ልመናው ራሱ የክብሩ መንገድ ነው። ይህን በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ሦስተኛው ሙያ የሚገባን ከዚህ ጋር ስናነጻጽረው ነውና።

ሦስተኛው ሙያ የቀጥቃጩ ነው። ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻና ከሰል ይዟል፤ በቦሄሚያ የሄንሪ አባት የያዘውም ከዚህ ብዙ አይለይም። ከእጁ የሚወጡት ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ጦር ናቸው። ያለ እርሱ ገበሬው አያርስም፣ ወታደሩ አይዘምትም። ነገር ግን ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ርስት የሌለው ነው፤ ከባለ ርስቱ ልጅ ጋር አይጋባም፣ ከማዕዱ አይቆርስም። «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይባልበታል። ሸክላ የምትሠራውም ሴት እንዲሁ፤ ወጥ የሚሠራው በእርሷ ድስት፣ ውኃ የሚቀዳው በእርሷ እንስራ ሆኖ ሳለ ዓይኗ ይፈራል። የቤተ እስራኤል ባለ እጆች በብረት ሥራ፣ በሸክላ፣ በሽመናና በግንበኝነት ጎንደርን አገልግለዋል፤ የሰፈሩበት ቦታም ካይላ ሜዳ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኗል። በሐይቁ ዳርቻም የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳ እየሠሩ፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ የወፍጮ ድንጋይ እየጠረቡ ኖረዋል፤ ጉማሬ ያድኑና ሥጋውን ይበሉ ስለነበር ግን እስልምናን ተቀብለው እንኳ ከሌላው ሙስሊምም ከክርስቲያኑም ማዕድ ተለይተዋል።

እንግዲህ የለመነው ሲከበር የሠራው ይናቃል። ሁለቱን ሙያዎች የሚለያያቸው መሣሪያቸውም ችሎታቸውም አይደለም። የሚለያያቸው ጎረቤታቸው ነው። የዛሬው ገለጻዬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ሙያ ማለት መሣሪያና ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ለባለ ሙያው የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው ቦታም ጭምር ነው። ቀጥቃጭን ከቦሄሚያ ወደ ጎንደር ብናመጣው ብረቱና እሳቱ አይለወጡም፤ ጎረቤቱ ይለወጣል። ጎረቤቱን ሳይሰጥ መዶሻውን ብቻ የሚሰጥ ጨዋታ የኢትዮጵያ ልብስ የለበሰ ሄንሪን ሠራ እንጂ የጣናን ቀጥቃጭ አላሳየንም።

ጨዋታ ሠሪው በዚህ ጊዜ ሦስት አማራጮች ይገጥሙታል። የመጀመሪያው ንቀቱን ፈጽሞ መሰረዝ ነው። ይህ በቅን ልቦና ሊደረግ ይችላል፤ ውጤቱ ግን ንቀቱን የቀመሱት ሰዎች ታሪክ አብሮ መሰረዙ ነው። ሁለተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ «ቡዳ» የሚለውን እንደ አስማት ኃይል ወስዶ ለቀጥቃጩ ገጸ ባሕርይ መስጠት። ጨዋታዎች አስማትን ስለሚወዱ ፈተናው ቀላል አይደለም። ሌሊት ጅብ የሚሆን ቀጥቃጭ ለተጫዋች ያጓጓል። ነገር ግን ያን ስናደርግ ክሱን እውነት አድርገን እናጸናዋለን። በዚህ ክስ ምክንያት ሰዎች ተደብድበዋል፣ ከመንደር ተባርረዋል። ስም ማጥፋትን ወደ ችሎታ መለወጥ ጨዋታ ሠሪው ራሱ ከሐሜተኞቹ ጋር መቆሙ ነው።

ሦስተኛው፣ እኔም የምደግፈው፣ ንቀቱን የማኅበረሰቡ ሥራ አድርጎ ማሳየትና ዋጋውን ለናቂው ማስከፈል ነው። እንዴት? በአብዛኞቹ ጨዋታዎች የአንድ ሰው «ክብር» በአንድ ቁጥር ይለካል። ለቀጥቃጩ ግን ሁለት መዝገብ ያስፈልጋል፦ አንዱ የመፈለግ፣ ሌላው የመከበር። የእርሻ ወቅት ሲቃረብ ገበሬው ሁሉ ማረሻውን ይዞ ከደጁ ይሰለፋል፤ ያው ገበሬ ልጁን ሲድር ግን አይጠራውም። የመጀመሪያው መዝገብ ሲሞላ ሁለተኛው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ከዚያም ተጫዋቹን በገበሬው ቦታ እናስቀምጠው። ልጁ ይታመማል። ጎረቤት መጥታ «የበላው እገሌ ነው» ብላ በጆሮው ትነግረዋለች። ወሬውን ሊያዛምት ይችላል፣ ዝም ሊል ይችላል፣ ሊከራከርም ይችላል። ካዛመተው የልጁ ሕመም በዚህ አይድንም፤ ቀጥቃጩ ግን ቤቱን ነቅሎ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ክረምትም የተሰበረ ማረሻ የሚጠግን አይገኝም። ተጫዋቹ ማንም ሳይሰብከው የሐሜትን ዋጋ በራሱ ማሳ ላይ ያየዋል።

«ሰው ጨዋታ የሚጫወተው ለመዝናናት ነው፤ ለምን የአባቶቻችንን ነውር እንጭንበታለን?» የሚል ሙግት ይነሣ ይሆናል። ሙግቱ ክብደት አለው። ነገር ግን ተጫዋቾች የተራውን ሰው ሙያ የሚጠይቁት በእርሱ ቦታ ሆኖ መኖር ምን እንደሚመስል ማወቅ ስለሚሹ ነው። የሄንሪን መዶሻ የፈለገ ተጫዋች የፈለገው ብረት ብቻ አልነበረም፤ የአባቱን ሥራ ነበር።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ሙግት አለ። የምንናገርላቸው ሰዎች ያለፉ አይደሉም። የታንኳ ሠሪዎቹ ልጆች ዛሬም በባሕር ዳር በሐይቁ ዳር ይኖራሉ፤ የባለ እጆች ልጆች በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰው በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነግረዋል፤ በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅም የርስትና የጉልት ሥርዓትን ሽሯል። ዐዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ገና ከአፋችን አልጠፋም። ስለዚህ ይህን ጨዋታ የሚሠራ ሰው ወደ ቤተ መዛግብት ከመሄዱ በፊት ወደ ሐይቁ ዳር ይሂድ። ታንኳ የሚሠሩትን ሽማግሌዎች፣ ሸክላ የሚሠሩትን እናቶች ስለ ሥራቸው ብቻ ሳይሆን «በዚህ ጨዋታ ውስጥ እንዴት መታየት ትፈልጋላችሁ?» ብሎም ይጠይቅ። የማይፈልጉት ነገር ካለ ይተወው። ስማቸውን ያለ ፈቃዳቸው ሲጠራ የኖረው ማኅበረሰብ በዚህ እንኳ ቅድሚያውን ለእነርሱ ሊሰጥ ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል ኮድ የምትጽፉ፣ ሥዕል የምትሥሉ፣ ታሪክ የምታጠኑ አላችሁ። የሚቀጥለውን ጨዋታ ምናልባት እናንተ ትሠሩት ይሆናል። ንጉሡንና ጦረኛውን ለመሥራት ማንም አይቀድማችሁም አልልም፤ ቀድመዋችኋል። ያልተሠራው የቀጥቃጩ ቤት ነው። ስትሠሩት ወናፉንና መስፉን በልኩ አስቀምጡ፤ ከዚያም በሩን ክፈቱና ከአጥሩ ማዶ ማን እንደሚኖር፣ ለሠርጉ ጠርቶት እንደሆነና እንዳልሆነ አሳዩን።